ጉና ሥር ውሃ የጠማኝ ቀን

ያን ማክሰኞ ጠዋት ደብረ ታቦር መናኸሪያ፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ ተቀምጠን ሳለ ጋሽ ይርጋ ወደ እኔ ዞሩ።

«ዛሬ አንቺ ጥላዬ ነሽ። ጥላ ይከተላል እንጂ አይናገርም። ገባሽ?»

«ገባኝ ጋሼ።»

ያኔ ሁለተኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ ነበርኩ። መምህራችን እያንዳንዳችንን ለአንድ ቀን ከአንድ ጋዜጠኛ ጋር አጣብቆ «ሥራውን በዓይናችሁ እዩት» ብሎ ሸኘን። በመጨረሻ ጋዜጠኛው ስለ እኛ ፎርም ይሞላል፤ ፎርሙ ደግሞ ውጤት አለው። ለእኔ የደረሱኝ ጋሽ ይርጋ ናቸው... የሬዲዮ ዘጋቢ፣ ማይክ እንደጨበጡ የሸበቱ፣ የሰፈራችን ሰው ሁሉ በድምፅ የሚያውቃቸው። ቃል አልተነፍስም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ከሚኒባሱ ወርደን አንድ ሰዓት ያህል ሽቅብ በእግር ወጣን። ስሟን የማልነግራችሁ ቀበሌ ናት፣ ከጉና ሥር። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። የተጠራነው አዲሱ ቦኖ ከተመረቀ መንፈቅ ስለሞላው፣ የሕዝቡን ደስታ እንድንዘግብ ነው።

ስንደርስ ሁሉም ተሰናድቷል። ሴቶቹ የታጠበ ነጠላ ለብሰው፣ ቢጫ ጀሪካን ይዘው ተሰልፈዋል። የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ኮት የደረበ ጎልማሳ፣ ማይኩ ገና ሳይጠጋው ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ማኅበረሰባችን የንጹሕ መጠጥ ውሃ ተጠቃሚ ሆኗል! ቀድሞ እናቶቻችን ምንጭ ላይ በወረፋ ይጣሉ ነበር። አሁን ያ ሁሉ ቀርቷል!»

ጋሽ ይርጋ ራሳቸውን እየነቀነቁ ንግግሩን ቀዱ። ከዚያ ማይኩን ከሰልፉ ፊት ወደቆሙት አሮጊት አዞሩት። እማማ ዘነቡ ይባላሉ። ቀጭን ናቸው፤ አፋቸው ዝም ቢልም ዓይናቸው ይስቃል።

«እማማ፣ ቦኖው ከገባ ወዲህ እንዴት ነዎት?»

እማማ ዘነቡ ሊቀመንበሩን አዩ... ቦኖውን አዩ...

«ተመስገን ነው ልጄ። አሁንማ እዚህ ቦኖ ዘንድ ጠብ የሚባል ነገር የለም።»

«ሰማችሁ!» አለ ሊቀመንበሩ፣ ጥርሱ ሁሉ እየታየ። ጋሽ ይርጋም «በጣም ጥሩ» ብለው መቅረጫውን ዘጉ።

እኔ ግን የዚሁ አገር ልጅ ነኝ። ቅኔ ባልቆጥርም ከቅኔ ተማሪ ጎን አድጌያለሁ። ጠብ የለም... የሌለው ጭቅጭቁ ነው ወይስ ጠብታው? ጀሪካኖቹን አየሁ፤ አንዱም እርጥብ አይደለም። ከቧንቧው ሥር የሲሚንቶው ስንጥቅ ውስጥ ሣር በቅሎ ደርቋል። ቀና ስል እማማ ዘነቡ እያዩኝ ነው... በአንድ ዓይናቸው ጠቀሱኝ!

ሳቄ አመለጠኝ። እንደምንም ወደ ሳል ለወጥኩት፤ ግን ሁሉም ዞሮ እያየኝ ነው። ጋሽ ይርጋማ ዓይናቸው ብቻውን ቆነጠጠኝ።

«ይቅርታ...» አልኩ፣ «ጉሮሮዬ ደርቆ ነው። ከዚሁ ቦኖ ትንሽ ውሃ ብጠጣስ?»

ሊቀመንበሩ ደነገጠ። «ኧረ ነውር ነው! እንግዳ ውሃ ይጠጣል? ጠላው ተሰናድቷል፣ ቤት እንግባ!»

«ጠላ አልችልም ጋሼ። ውሃ ይሻለኛል።»

«እሱማ... ቁልፉ የለም። ቁልፍ ያዡ ለቅሶ ሄዷል።»

«ኧረ ዲያ!» አሉ እማማ ዘነቡ። «ቁልፍ ያዧ እኔ አይደለሁም እንዴ? ደግሞ ማን ሞቶብኝ ነው ለቅሶ የሄድኩት?»

ከመቀነታቸው ጫፍ ቁልፍ ፈቱ። የቦኖውን ሳጥን ከፈቱና ቧንቧውን ጠመዘዙት።

«ፍፍፍፍ...» አለ ቧንቧው። ትንሽ ቆይቶ አንዲት ሸረሪት ከውስጡ ብቅ አለች። ፀሐይዋን አየች... እኛን አየች... ተመልሳ ገባች።

ከዚያ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን እንደ ከበሮ እየመቱ ሳቁ። ሊቀመንበሩ «መስመሩ ላይ ጊዜያዊ ችግር...» ብሎ ጀመረ።

«ጊዜያዊ?» አለች ከሰልፉ አንዷ። «በተመረቀ በሦስተኛው ቀን አይደል የቆመው! ይኸው ዛሬም ልጆቻችን ምንጭ ወርደው እኛ ለፎቶ ቀርተናል!»

ጋሽ ይርጋ መቅረጫቸውን እንደገና ከፈቱ፣ ማይኩን ከቧንቧው አፍ ሥር አስጠጉና «እማማ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ» አሉ።

«ፍፍፍፍ...»

ስንመለስ ቁልቁለቱን ሙሉ አላናገሩኝም። በቃ፣ ወደቅሁ ብዬ በሆዴ እያለቀስኩ ነው። አስፋልቱ ዳር ስንደርስ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና ፊታቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

«ይኼ ቦኖ ሲመረቅ የዘገብኩት እኔ ነኝ» አሉኝ። «ሪባን ሲቆረጥ ቀድቼ፣ ጠላዬን ጠጥቼ ሄድኩ። ዛሬም ያንኑ ልደግመው ነበር። ሴትዮዋ ፊት ለፊቴ ቆመው ሲቀኙልኝ አልሰማሁም... አንቺ ሰማሽ።»

«ፎርሙን አምጪው» አሉ። ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ሞሉትና አጥፈው ሰጡኝ። ያስቀመጡልኝን ነጥብ አልነግራችሁም፤ ብቻ እናቴ ሁለት ጊዜ አንብባዋለች።

ዜናው በሐሙሱ ተላለፈ። መግቢያው የቧንቧው ድምፅ ነበር። ወር ሳይሞላ ባለሙያ መጥቶ መስመሩን ጠገነውና ውሃው መጣ። ጋሽ ይርጋ ተመልሰው ሄደው መጀመሪያ ሁለት ጣሳ ጠጡ፤ መቅረጫውን የከፈቱት ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዲህ አመል ሆኖባቸው ቀረ። በቅርቡ አንድ ቀበሌ «መብራት ገባልን፣ ኑና ዘግቡልን» ቢላቸው... አምፖል በኪሳቸው ይዘው ሄዱ አሉ።