ያላሉትን አሉ አልልም

ነገሩ የሆነው አምና ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ካዛንቺስ ባለ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው "አንቺ ደግሞ፣ ምን አገባሽ?" ባለኝ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ብዙ ሰው ስለሚለኝ ብዙ ጊዜ ትዝ ይለኛል።

የምኖረው ቂርቆስ ነው። መምህርት ነኝ። የተወለድኩት ግን ዳውሮ ስለሆነ ቋንቋውን እንደ አማርኛዬ እናገረዋለሁ። ስብሰባ የሚያዘጋጅ ድርጅት ውስጥ የምትሠራ አንዲት ጓደኛዬ ደወለችና "የዳውሮኛ አስተርጓሚ ቸግሮናል፣ በቃ የቅዳሜን ቀን ስጪን" አለችኝ። እሺ አልኩ።

ስብሰባው ስለ ድንጋይ ከሰል ነበር። ከሰል ያለበት መሬት ለአልሚዎች በሊዝ የሚሰጥበት አዲስ ደንብ ተረቅቆ፣ ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ ይወያይበት ተብሎ ነው የተጠራው። አዳራሹ ግን የሞላው በባለሥልጣን፣ በባለሙያና በአልሚ ነው። ከሰሉ ከሚወጣበት የዳውሮ ቀበሌ የመጡት ሦስት ሽማግሌዎችና አንዲት ሴት ብቻ ነበሩ። ሴትዮዋ እማማ ወርቅነሽ ይባላሉ። ቀጭን ናቸው፤ ድምፃቸው ግን ከሩቅ ይሰማል።

አወያዩ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ሰዓቱን ደጋግሞ የሚያይ ሰው ነበር። እሱ አንቀጾቹን ሲያነብ እኔ ከእንግዶቹ መሀል ተቀምጬ ቀስ ብዬ እተረጉማለሁ። አንድ አንቀጽ ላይ ስንደርስ እማማ ወርቅነሽ ክንዴን ያዙኝ። አንቀጹ የይዞታ ማረጋገጫ ያልወጣበት መሬት "ክፍት መሬት" ተብሎ ይቆጠራል፣ ነዋሪውን ማማከር ሳያስፈልግ በሊዝ ሊተላለፍ ይችላል ይላል።

"ክፍት ማለት ምንድነው?" አሉኝ።

"ሰው የሌለበት እንደማለት ነው።"

ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከሆቴሉ ጀርባ ቤቶች ፈርሰው የተነሱበት፣ በቆርቆሮ የታጠረ ሰፊ ቦታ ይታያል። "ያ ሜዳስ? ያም ክፍት ነበር?"

"አይ፣ ሰፈር ነበር" አልኳቸው።

እጃቸውን አወጡ።

ዕድል ሲሰጣቸው ቆመው ረዘም አድርገው ተናገሩ። የግጦሽ መሬታችን ላይ የማንም ስም የለም፣ ስም የሌለበት የሁላችንም ስለሆነ ነው አሉ። ከብታችን የሚውለው እዚያ ነው፣ ሰው ሲሞትብን ተሰብስበን የምናለቅሰው እዚያ ነው። ከዚህ በፊት አንድ አልሚ መጥቶ ቆፍሮ፣ ጉድጓዱን ሳይደፍን ሄደ። ዝናብ ሲዘንብ ሞልቶ ወደ ምንጫችን ፈሰሰ፤ ውኃው ጠቆረ። አሁን ልጆቻችን ከወንዝ ማዶ ነው የሚቀዱት። "ከሰሉ ይውጣ፣ አይውጣ እያልን እንነጋገራለን። መጀመሪያ ግን በዚያ ቦታ ሰው እንዳለ ጻፉ" ብለው ተቀመጡ።

ተራው የእኔ ነው። ማይኩን ሳነሳ አወያዩ የራሱን ማይክ በእጁ ሸፍኖ ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

"እህት፣ አሳጥሪው። ልማቱን እንደግፋለን፣ ካሳ ይታሰብልን አሉ በይና ጨርሺ።"

"እሳቸው እንደዚያ አላሉም።"

"ገብቶኛል። ሰዓት የለንም፣ በቃ እንደዚያ በይ።"

እውነቱን ለመናገር ፈራሁ። ከፊት የተቀመጡት ትልልቅ ባለሥልጣናት ናቸው። ጓደኛዬ በሩ አጠገብ ቆማ በዓይኗ ትለምነኛለች። ደግሞ እማማ ወርቅነሽ ቀና ብለው አፌን አፌን ያያሉ። እሳቸው የሚያምኑት እኔን ብቻ ነው። እኔ ምንም ብል አያውቁም።

እሱ ነው ያናደደኝ። ምንም ብል አያውቁም ተብሎ መታሰቡ።

ወደ እንግዶቹ ዞሬ አወያዩ የነገረኝን ቃል በቃል በዳውሮኛ ተረጎምኩላቸው።

"እኔ ነኝ እንደዚያ ያልኩት?" አሉ እማማ ወርቅነሽ።

"አይደለም እማማ። በይ የተባልኩት ነው።"

"አንቺስ ምን ልትይ ነው?"

"እርስዎ ያሉትን።"

ከዚያ በማይኩ ጀመርኩ። ስለ ግጦሹ ተናግሬ ጉድጓዱ ላይ ስደርስ ማይኩ ጠፋ። አወያዩ "ይቅርታ፣ የቴክኒክ ችግር ነው፣ ወደሚቀጥለው እንለፍ" አለ። እኔ ደግሞ የታጨቀ ክፍል ውስጥ ያለ ማይክ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ተነስቼ ቆምኩና በክፍል ድምፄ ቀጠልኩ። ምንጩን፣ ልጆቹን፣ "ሰው እንዳለ ጻፉ" የሚለውን፣ ሁሉንም ጨርሼ ተቀመጥኩ። ከኋላ አንድ ሰውዬ "ይሄ በቃለ ጉባኤ ይያዝ!" ብሎ ጮኸ። አወያዩ የሻይ ዕረፍት አወጀ።

በዕረፍቱ ኮሪደር ላይ ያዘኝ። "ማነው የላከሽ?" አለኝ።

"እናንተ ናችሁ የጠራችሁኝ።"

"ከሰዓት በኋላ አትግቢ። ሌላ ሰው እንፈልጋለን።"

ቦርሳዬን አንስቼ ልሄድ ስል ሽማግሌዎቹ ምን ሆንሽ አሉኝ፤ ነገርኳቸው። እማማ ወርቅነሽ ሎቢው ውስጥ ካለው ትልቅ ሶፋ ላይ ሄደው ተቀመጡ። ሦስቱም ሽማግሌዎች ተከትለው ተቀመጡ። ጓደኛዬ መጥታ ግቡ ስትላቸው እማማ ወርቅነሽ "አፋችንን አስወጥታችሁ እኛን ግቡ ትላላችሁ?" አሉ። ይሄንንም እኔው ተረጎምኩላት።

አንድ አስተናጋጅ ሻይ አመጣላቸው። ሌላ አስተርጓሚ ተፈለገ፣ ጠፋ። እነሱ ካልገቡ ደግሞ ሕዝቡ ተወያይቶበታል ማለት አይቻልም። አወያዩ ራሱ ወጥቶ ቆመ፤ እኔን ሳያየኝ "እሺ፣ ግቡ፣ እሷም ትግባ" አለ። ገባን። እስከ መጨረሻው አስተረጎምኩ። ማይኩ ያን ጊዜ በደንብ ይሠራ ነበር።

ሲያበቃ "ክፍት መሬት" የሚለው አንቀጽ እንደገና ይታያል ተባለ። ይታይ፣ አይታይ እኔ አላውቅም። ጓደኛዬ ለጥቂት ወር አኩርፋኝ ነበር፤ "ሁለት ዓረፍተ ነገር ብትዪ ምን ነበረበት?" ትለኛለች። እኔ ደግሞ ሁለቱም ውሸት ነበሩ እላታለሁ። ድርጅቱ ከዚያ ወዲህ ጠርቶኝ አያውቅም።

በቅርቡ ግን እማማ ወርቅነሽ በልጃቸው ስልክ ደወሉልኝ። የሚቀጥለው ውይይት እነሱ ቀበሌ ውስጥ ሊደረግ ነው፤ አስተርጓሚ እንደሚላክላቸው ሲነገራቸው "የራሳችን አለችን" ብለዋል። "ትመጫለሽ ወይ?" አሉኝ። ትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቄ ርዕሰ መምህሩ "እናስብበት" ብሎኛል።

እሱ ያስብበት። እኔ የአውቶቡስ ቲኬቴን ቆርጫለሁ።