አባባ ለምን ይነሳሉ?

ሲስተር ዓይን ክፍል ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት ሠርታለች። ባሕር ተሻግራ የመጣች የነርስነት ተማሪ ስድስት ሳምንት ከእሷ ጋር እንደምትለማመድ ሲነገራት፣ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ብላ ነበር፤ ፈገግም አላለች። ልጅቷ የመጣችው የሌላ አገር በሽተኛ እንዴት እንደሚታከም ለማየት ነው ተባለ። በሽተኛ የትም ቢሄዱ በሽተኛ ነው፣ ይህን ለማየት ያን ሁሉ መንገድ ምን አስመጣት አለች በልቧ።

ልጅቷ ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። ቀጭን ናት፣ ያየችውን ሁሉ ትጽፋለች፣ ስትራመድ ጫማዋ ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል።

በአራተኛው ሳምንት የአልጋ ቁጥር ሰባቱ ሽማግሌ ነገር ከበደ። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ የሦስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን አቅፈው ያውቃሉ እንጂ መልኳን አላዩም። ከሌላ ከተማ የመጣው ቀዶ ሐኪም የሚቆየው እስከ ዓርብ ብቻ ሲሆን፣ የሳቸው ደም ግፊት ግን በተለካ ቁጥር ጣራ ይነካል። ሰኞ ከቀዶ ጥገናው ክፍል በር ተመለሱ፣ ማክሰኞም ተመለሱ። ረቡዕ ካልወረደ ወደ ቤት መሸኘት ነው። ሲስተር መድኃኒቱንም ሰጥታለች፣ ጨውም ከልክላለች፤ ሌላ የቀራት ዘዴ አልነበረም።

ረቡዕ ጠዋት ተማሪዋ ደብተሯን ይዛ መጣችና፣ «አባባ እኔ ስመጣ ለምን ይነሳሉ?» ብላ በለመደቻት ጥቂት አማርኛ ጠየቀቻት።

ሲስተርን ሳቅ አፈናት። ትልቅ ሰው መጣ ብለው ነዋ! ይህን ልትመልስላት ስትል የሽማግሌው አነሳስ ዓይኗ ላይ መጣ። ሽማግሌው ያንን ጫማ ሲሰሙ ብርድ ልብሱን ገፍተው፣ የአልጋውን ብረት ተደግፈው፣ እንደምንም ብድግ ብለው እጅ ይነሳሉ። ልጅቷ ደግሞ ሥራ እንዳይጓተት ወዲያው ክንዳቸውን ይዛ ትለካለች። ልባቸው እየዘለለ መለኪያው ምን ያድርግ? ሲስተር ስንቱን አዛውንት ግፊትዎ ከፍ ብሏል ብላ እንደሸኘች አሰበችና አፈረች። በየቀኑ የሚያዩት ነገር አይታይም። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ የሚባለውም ለካ ለሚጠየቀውም ጭምር ነው።

«ስሚኝ የኔ ልጅ» አለቻት። «አንቺ ቆመሽ እሳቸው አይቀመጡም። መጀመሪያ ተቀመጪ። እንዴት አደሩ በይ፣ ልጆችዎ ደህና ናቸው በይ። አትቸኩይ። መቀለድ ሲጀምሩ ትለኪያለሽ።»

ልጅቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እንዴት አደሩ»ን እየተንተባተበች አወጣችው። ሽማግሌው ስለ ልጅ ልጃቸው፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ጎረቤታቸው ውሻ አወሩላት። ግማሹ አልገባትም፤ ቢሆንም አልተነሳችም። ሩብ ሰዓት ሲሆናቸው ወደ ጎን አልጋ ዞር ብለው፣ ይቺ ልጅ እንዲህ የምታዳምጠኝ ልታገባኝ ነው እንዴ አሉ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ሲስተር በአገጯ ጠቆመቻት፤ ልጅቷ ለካች። ወርዷል። ሲስተር ዓይኗን አላመነችምና እሷም ደግማ ለካች። ያው ነው።

ሲስተር እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ይህችን አንዲት ጥያቄ ከዚያ ሁሉ ርቀት ተሸክማ ያመጣችላትን ልጅ ከልቧ አመሰገነቻት።

ሐሙስ ቀኝ ዓይናቸው ተሠራ፣ ዓርብ ፋሻው ተፈታ። ሽማግሌው ማንንም ሳይይዙ በኮሪደሩ መጡ። ተማሪዋ ተቀምጣ ትጽፍ ነበር። የእግራቸውን ኮቴ ስትሰማ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ብድግ አለች፤ ጫማዋ ሲጢጥ አለ። ተነሺ ያላት ሰው አልነበረም።

ሽማግሌው ቆመው አዩዋት።

«አንቺ ነሽ? ኧረ ልጅ ነሽ» አሉ። «ተቀመጪ የኔ ልጅ።»

ልጅቷ የራሷን ወንበር አስጠጋችላቸው። እሳቸው እስኪቀመጡ ድረስ እንደቆመች ጠበቀች።