ለእናቴ ዓይን የመረጥኩት ካሜራ

ለመልክዓ ምድር ፎቶ የሚሆን የፊልም ካሜራ ስለ መምረጥ የተጻፈውን ሁሉ አንብቤያለሁ ብል ብዙ አላጋነንኩም። ስለ ሌንስ ጥራት፣ ስለ ክብደት፣ ስለ ባለሦስት እግሩ መቆሚያ የሚከራከሩ ሰዎች አሉ፤ ስለ አንዲት ብሎን ገጽ ሙሉ የሚጽፉም አሉ። ከማዶ ሸንተረር ላይ ጠመንጃ ይዞ ለሚመለከት ሰው የትኛው ካሜራ መሣሪያ እንደሚመስል የጻፈ ግን አላገኘሁም። ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ ካሜራ ለሚመርጥ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ነው።

ፎቶ አንሺ አይደለሁም። አገር ሁሉ በስልኩ ሲያነሳ እኔ በፊልም ለማንሳት መነሳቴን ወዳጆቼ እንደ ልማዴ ለመቃወም ብቻ ያደረግሁት አድርገው ቆጠሩት። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ የእናቴ ዓይን ነው።

እናቴ ለሕክምና ከይጁቤ አለፍ ብሎ ካለው መንደራችን እኔ ዘንድ ከመጣች በኋላ መንገዱ ተዘጋ። ተከፈተ ሲባል ይዘጋል፤ ተዘጋ ሲባል ለሁለት ቀን ይከፈታል። ሐኪሙ የዓይኗ ግፊት ብርሃኗን ከዳር ወደ መሀል እየበላው እንደሆነ ነገረን። የጠፋው አይመለስም፤ ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ብቻ ነው። አሁን የምታየው በሸምበቆ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነው። መሀል ላይ የቀረችው ትንሽ ክብ ግን ገና ጥሩ ነበረች። አንድ ቀን ጠብታውን ሳደርግላት፣ "ይቺም ሳትጠፋ አገሬን አንድ ጊዜ ባያት" አለች። አገሬ የምትለው ከቤታቸው በላይ ካለው ጉብታ ቁልቁል የሚታየውን ተዳፋት ነው፤ የአባቷን መሬት፣ ታናሽ ወንድሟ የሚያርሰውን።

አንድ ዘመድ በስልክ ያነሳውን አሳድገን አሳተምንላት። ማጉያ መነጽሯን አስጠግታ ጥቂት አየችና "ጭቃ ነው" ብላ መለሰችው። እውነቷን ነበር። የስልክ ፎቶ ሲለጠጥ ይሟሟል። ሰፊ ፊልም ግን የበር መዝጊያ አክሎ ቢታተም እንኳ ሣሩን ከድንጋዩ ይለያል። ስለዚህ መካከለኛ ፎርማት የሚባለውን፣ ፊልሙ ሦስት አራት ጣት የሚሰፋውን ካሜራ ፍለጋ ጀመርኩ።

አዲስ አበባ አሮጌ ካሜራ የሚሸጥ ሰው ሁለት እንዳለው ነገረኝ። አንዱ ጃፓን ሠራሽ ነው፤ ሌንሱ የረዘመ፣ የእንጨት እጀታ ያለው፣ ዓይን ላይ ተደግኖ የሚያነሳ። ሌላው ጀርመን ሠራሽ አሮጌ ሳጥን ነው፤ አንዱ ከሌላው በላይ የሆኑ ሁለት ሌንሶች አሉት፣ ደረት ላይ ይንጠለጠላል፣ የሚታየውም ከላይ ወደ ታች አቀርቅሮ ነው። እዚህ ከተማ ፎቶ ቤቱን ወደ ፎቶ ኮፒ የለወጠ፣ የፊልም ማጠቢያውን ግን ያልጣለ ወዳጅ አለኝ። አማከርኩት።

"ጃፓኑን ውሰድ። ለመልክዓ ምድር እሱ ነው።"

"ድምፁ ጠመንጃ ሲቀባበል ይመስላል አሉ።"

"ቢመስልስ?"

"ጉብታ ላይ ወጥቼ፣ ዓይኔ ላይ ደግኜ፣ ላቀባብል?"

"እንግዲያው ቀብርህን እኔ አነሳልሃለሁ" አለ፤ "በስልክ።"

ሳጥኑን መረጥኩ። አንገቱን ደፍቶ በእሱ የሚያነሳ ሰው ከሩቅ ሲታይ ዳዊት የሚደግም ይመስላል፤ ድምፁም ከምላስ ጠቅታ አይበልጥም። በጥራት ከጃፓኑ ያንሳል የሚሉ አዋቂዎች አሉ። በሕይወት ያለ አንሺ ከሞተ አንሺ የተሻለ እንደሚያነሳ ግን ከግምት ያስገቡ አይመስለኝም።

ካሜራው ገና አዲስ አበባ ሳለ፣ በግንቦት አጋማሽ፣ የእናቴ ወንድም ሞተ። ከይጁቤ ገበያ ሲመለስ ጥይት አገኘው። የማን ጥይት እንደሆነ አልተጣራም፤ የሚያጣራም የለም።

መርዶ እኛ አገር ዝም ብሎ አይነገርም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ማለዳ፣ የሞተበት ሰው ከቤት ሳይወጣ ሄደው በወጉ ያረዳሉ። እስከዚያ ድረስ አገር ሁሉ አውቆ እሱ ብቻ ባያውቅ ነውር የለውም። ዘመዶቻችን እናቴ ቤተ ክርስቲያን በሄደችበት ሰዓት እኔ ቤት ሳሎን ተሰበሰቡ።

"አሁን ካረዳችኋት ታለቅሳለች" አለች ታላቅ እህቴ፤ "ካለቀሰች ያቺ የቀረችው ዓይኗ በእንባ ትፈሳለች።"

"ሐኪሙ እንዲህ አላለም" አልኩ።

"ሐኪሙ ምን ቸገረው? እናቱ አይደለችም። አንተም መጽሐፍ ስታገላብጥ ልብህ ደርቋል።"

ክረምቱ እስኪያልፍ ይቆይ ተባለ። በሕይወቴ ከብዙኃኑ ጋር የተስማማሁበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ያ አንዱ ነበር።

በሰኔ ካሜራው መጣልኝ፤ በወሩ መጨረሻም መንገዱ ተከፈተ። የሟቹ አርባ ነበር፤ ለተዝካሩ ሄድኩ። ለእናቴ አገሯን ላነሳላት እንደምሄድ ነገርኳት፤ ውሸት አልነበረም።

"ወንድሜን አደራ። በሬዎቹን ይዞ ይቁምልህ።"

"እንዲህ ያለ ፎቶ ላይ ሰው አይገባም፣ እማዬ።"

"ሰው የሌለበት ምኑን አገር ሆነ?"

መንገድ ላይ አንድ የታጠቀ ጎልማሳ አስቆመኝና ሳጥኑን አገላበጠው።

"ምንድን ነው?"

"ካሜራ።"

"ያነሳኸውን አሳየኝ።"

"አያሳይም። ፊልም ነው፤ ካልታጠበ አይታይም።"

"ታዲያ ካሜራ መሆኑን በምን አውቃለሁ?"

የላይ ክዳኑን ከፍቼ አቀርቅሮ እንዲያይ አደረግሁት። በዚህ ካሜራ መስታወት ግራው ቀኝ ሆኖ ነው የሚታየው። ወደ ግራ የሚሄደው ባልደረባው ወደ ቀኝ ሲሄድ አየና ሳቀ። "አቅጣጫ እንኳ አያውቅም" አለ። "ሂድ በል፣ ጋሼ።"

በተዝካሩ ዕለት ማለዳ ጉብታው ላይ ወጣሁ። የሌሊቱ ዝናብ አየሩን አጥቦት ነበር። ተጠነቀቅሁ። ለተዝካሩ የተጣለው ዳስ እንዳይገባ ወደ ጎን ፈቀቅ አልኩ፤ ጥቁር የለበሱት ሴቶች ቁልቁል እስኪወርዱ ጠበቅሁ፤ የሟቹን ቤት ከባሕር ዛፍ ጀርባ ደበቅሁት። የቀረው ተዳፋቱ፣ ማሳው፣ ከወዲያ ደግሞ ከዓባይ ሸለቆ የሚወጣው ጉም ነበር። ተራራ ምስጢር አያወጣም ብዬ አመንኩ።

ወዳጄ ፊልሙን አጥቦ፣ አጉልቶ፣ በጥቁርና ነጭ አተመልኝ። "ጠጠሩን መቁጠር ትችላለህ" አለ። ኮራሁ።

መስኮቱ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁላት። እናቴ ማጉያዋን ይዛ ከታችኛው ጥግ ጀመረች። አንድን ነገር በሙሉ ማየት ስለማትችል ስንዝር በስንዝር ነበር የምትሄደው። የውኃ መውረጃውን መንገድ አገኘችው። የቤተ ክርስቲያኑን ጽድ አገኘችና ተሳለመች። ፊቷ ሲፈታ ካየሁ ቆይቼ ነበር።

"ይህ ጥቁሩ የታረሰው ነው፣ አይደል?"

"ነው።"

"ይህም ታርሷል። ያም ታርሷል።" እጇ መሀል ላይ ሲደርስ ቆመ። "ይህ የነጣው?"

ጎንበስ ብዬ አየሁት።

"ሣር ነው" አለች ለራሷ። "አባቴ መሬት ላይ፣ በሰኔ፣ ሣር።"

"በሬው ታሞበት ይሆናል።"

"በሬው ቢታመም ከጎረቤት ይቀናጅ ነበር። እሱ ቢታመም ደቦ ይወጣለት ነበር።" ማጉያውን አላነሳችውም። "ደቦ የማይወጣበት ማሳ አንድ ብቻ ነው።"

በመንደራችን የሟች ማሳ ተዝካሩ ሳይወጣ ሞፈር አይነካውም። እኔ ከተማ ያደግሁ፣ ዳሱንና ጥቁር ልብሱን ለመደበቅ ግማሽ ማለዳ የደከምኩ ሰው፣ ይህን አላሰብኩትም። ዓይኔ ያየው ከጨለማው መካከል ደምቆ የወጣ መልካም ብርሃን ነበር፤ እንዲያውም ለእሱ ብዬ ነው መሀል ያደረግሁት። እናቴ ደግሞ የቀራት መሀሉ ነው። የስልኩ ጭቃ ቢሆን ኖሮ ወንድሟ ቢያንስ እስከ መስከረም ያርስ ነበር።

"እህትህ ታውቃለች?"

"ታውቃለች።"

"ጎረቤቶቹስ?"

"ሁሉም።"

ማጉያውን ጨርቁ ውስጥ ጠቀለለችው። "አንተ አልነገርከኝም፤ እኔም አልሰማሁም። ሽማግሌዎቹን ጥራልኝ፣ በወጉ ያርዱኝ። ሳልረዳ አላለቅስም።"

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ መጡ፤ ከፊት ነፍስ አባቷ፣ ከኋላ እህቴና ዘመዶቹ። እናቴ ነጠላዋን ለብሳ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር።

"ምነው አባቴ፣ በማለዳ? በደህና ነው?"

ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከአዳም ጀመሩ፣ በኢዮብ በኩል ዞሩ፣ የሰው ልጅ እንደ ሣር መሆኑን አስታወሱ። እናቴ አላቋረጠቻቸውም። ምንም እንደማያውቅ ሰው ራሷን እየነቀነቀች ሰማቻቸው። በመጨረሻ "ወንድምሽ" ሲሉ ነጠላዋን ከራሷ ላይ ጥላ ጮኸች።

ዘመዶቼ የሚያዩት እሷን ሳይሆን ዓይኗን ነበር፤ እንባው ሲወርድ ብርሃኑም አብሮ የሚወርድ ይመስል። አልወረደም። ዓይኗ የጠፋው በጥቅምት ነው፣ በራሱ ጊዜ፣ ሐኪሙ እንዳለው። እስከዚያ ሳሎን ስትገባ ፎቶው ባለበት በኩል ፊቷን አታዞርም ነበር።