ጥሬ አቮካዶና ኮባ

አቮካዶ ከዛፍ ሲወርድ እንደ ድንጋይ መጠንከር አለበት። ይህችን አንዲት ነገር ከቦንጋ እስከ ዋጫ ባሉ ቀበሌዎች ስንቴ እንደተናገርኩ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው። ከመንዝ ወጥቼ ካፋ ዞን የገበያ ባለሙያ ሆኜ የተመደብኩ ሰሞን ነው። መንዝ አቮካዶ አይበቅልም፤ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ከሥልጠና ነበር። ቢሆንም ያወቅሁትን አጥብቄ አውቀዋለሁ።

ያኔ "የገበያ ትስስር" ሳይባል የሚዘጋ ስብሰባ አልነበረም። እኛም ብዙ ተሰብስበን፣ ብዙ ተገምግመን፣ በመጨረሻ አንድ ላኪ አገኘን። አዲስ አበባ የሚኖር፣ ፍራፍሬ ወደ ዐረብ አገር የሚልክ ነጋዴ ነው። "ከካፋ ከቡና ሌላ ምን ይወጣል?" እያለ ሲያላግጥ ቆይቶ፣ መጥቼ ልየው አለ።

እንዲያይ የመረጥንለት ከዋጫ ወጣ ብሎ ያለውን የአንዲት ባልቴት ግቢ ነው። ዛፎቹን የተከሉት ሟች ባላቸው ናቸው። ፍሬው እየረገፈ ጥጃ ይበላው ነበር። የባላቸው ወንድም ደግሞ ዛፎቹን ቆርጦ ባሕር ዛፍ ሊተክል ቋምጧል። "ባሕር ዛፍ ቢያንስ ማገር ይሆናል" ይላል። ባልቴቷ ለምነው ለምነው አንድ ነገር አስቀበሉት፤ ነጋዴው ይምጣና ይየው፣ ካልወሰደ ቁረጥ።

ስለዚህ እዚያው ዛፍ ሥር ባልቴቷንና የጎረቤት ሴቶችን ሰብስቤ አሳየሁ። ዛፉን አታራግፉ። በመቀስ ቁረጡ። ፍሬው ላይ ከዘንጉ ትንሽ አስቀሩ። ሳይለሰልስ አውርዱት። ከሴቶቹ አንዷ በካፊኛ አንድ ነገር አለችና ሁሉም በሳቅ ፈረሱ።

"ምን አለች?" አልኩት አብሮኝ ያለውን ልማት ሠራተኛ።

"ጥሬ የምትሸጥ ሴት ጥሬ ወጥም ታቀርባለች ነው የምትለው፣ እትዬ።"

ሳቁ አለፈ፤ "እሺ፣ እሺ" ተባለ። እኔም እሺታቸውን ይዤ ወደ ቦንጋ ተመለስኩ።

ነጋዴው የመጣው በፍልሰታ ጾም ነው፤ ሰማዩ ጠቁሮ፣ መንገዱ ጨቅይቶ። ከአይሱዙው ወርደን ግቢው ስንደርስ ባልቴቷ ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ቆመዋል። መሬቱ ላይ ኮባ ተነጥፏል፤ የእንሰቱ ቅጠል ላይ አቮካዶው ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ ተደርድሯል። ጎንበስ ብዬ አንዱን ነካሁት። ጣቴ ሰመጠ።

እግዚኦ መሐረነ አልኩ በሆዴ። ምላሴን ነክሼ ባልይዝ ሌላም የምለው ነበረኝ።

"እማማ፣ አልነገርኳችሁም?"

"ነግረሽናል።"

"ታዲያ ይኼ ምንድን ነው?"

"በኮባ ጠቅልለን ምድጃ ዳር ቀብረን አበሰልነው። ለእናንተ ቢሆን ግድ የለም። እነዚያ ግን ባሕር ማዶ ያሉ እንግዶች ናቸው። ለእንግዳ ጥሬ ይሰጣል?"

ነጋዴው አንዱን ገምሶ በጣቱ እየዛቀ በላ። ሁለተኛም ደገመ። "እንዲህ ያለ በልቼ አላውቅም" አለና እጁን በመሐረብ ጠረገ። "ግን እህቴ፣ ይኼ እኮ ጅማ ሳይደርስ ቅባት ይሆናል። በል ሾፌር፣ ዝናቡ ሳይቀድመን እንውጣ።"

"በላ፣ አመሰገነ፤ ለምን አይወስድም?" አሉኝ ባልቴቷ። የባላቸው ወንድም አጥሩን ተደግፎ ይስቃል። "እኔማ ገጀራዬን ስዬ ነው የመጣሁት" አለ።

ቀና ብዬ ዛፉን አየሁ። ጠንካራው ፍሬ ገና እንደተንጠለጠለ ነው። ነጋዴውን በእመቤቴ ለመንኩት። "ዳመናው እስኪደርስ ብቻ" አለኝ። መቀሱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ዘወር ስል ባልቴቷ ግንዱን ተደግፈው ቆመዋል።

"ጥሬ ከግቢዬ አይወጣም። የባሏን ዛፍ በጥሬው አራቁታ ሸጠች ልባል?"

"እማማ፣ ወይ ጥሬው ይሄዳል ወይ ዛፉ ይሄዳል!" ጮህኩ። ጾመኛ ነኝ ብዬ እንኳ አላፈርኩም።

ባልቴቷ ወደ ነጋዴው ዞሩ። "የሚበላው ሰው ማብሰል ያውቃል?"

"ያውቃል፣ እናቴ።"

"በምን? ኮባ አለው?"

"በመጋዘን ነው የሚበስለው።"

"እንግዲያ የለውም።" ከግንዱ ዘወር አሉ። "ቁረጡ። ኮባውን እኔ አብሬ እልክለታለሁ።"

ልማት ሠራተኛውና ሴቶቹ ሲያወርዱ እሳቸው ነጋዴው ባመጣቸው ሳጥኖች ውስጥ ኮባ ያነጥፋሉ። ነጋዴው እየተከተለ ያወጣል። "ቅጠል የተገኘበት ጭነት ወደብ አያልፍም፣ እናቴ!" ያወጣውን መልሰው ያስገባሉ። "ያለ ቅጠል ያበሰለ ሰው አይተሃል?" ይህ ሁሉ ሲሆን ሰማዩ ይንጎዳጎዳል፤ ሾፌሩ ጥሩንባ ይነፋል፤ እኔ ሁለቱንም አንገታቸውን ይዤ ባጋጭ ደስ ባለኝ።

በመጨረሻ ነጋዴው ሰለቸው። ኮባውን ሰብስቦ ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ወረወረው። "ይኸው፣ ሄደልሽ!"

ባልቴቷ ወደ እኔ ዞሩ። "ለሚቀበለው ሰው በእጁ ይሰጥልኛል?"

ቦንጋ ሳይደርስ ቦይ ውስጥ እንደሚጥለው አውቃለሁ። ይሰጣል ብል ውሸት ነው፤ አይሰጥም ብል ሳጥኖቹን ያስወርዱናል። "እኔ እንጃ፣ እማማ" አልኩ። "መወሰዱን ግን አይቻለሁ።"

መኪናው ጭቃውን እየረጨ ወጣ። ሳጥኖቹ ግማሹ እንኳ አልሞሉም። የባላቸው ወንድም ኋላውን ሲያይ ቆየና "ተመልሶ ይመጣ እንደሆነ እናያለን" ብሎ ገጀራውን ይዞ ወደ ቡናው ወረደ።

ነጋዴው ከእንቁጣጣሽ በኋላ ሊመለስ እንደሚፈልግ ላከብኝ፤ ሳጥኑ በሙሉ ጥሬ ይሁን፣ ቅጠል ግን በዓይኔ አልይ ብሎ። መልእክቱን ይዤ ዋጫ ወረድኩ። ዛፎቹ ቆመዋል። ባልቴቷ ሰምተው ሲያበቁ ደስታቸው ፊታቸውን ሞላው፤ ጥሬውንም ያለ ክርክር ተቀበሉ። ከዚያ ቢላዋቸውን አነሡና ወደ እንሰቱ ሄዱ።

"እማማ! ቅጠል አልይ ብሏል እያልኩ!"

"እሱ አይይ" አሉኝ ዞር እንኳ ሳይሉ። "ለሾፌሩ ነው የምሰጠው።"