መሪ ለመጨበጥ

ሸኩር የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ አምስት ዓመት ሊሞላው ነበር። ረዳትነት ጆንያ መሸከም፣ ጎማ መፍታት፣ ዳገት ላይ መኪናው ወደ ኋላ ሲንሸራተት ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ታኮ ማስገባት ነው። ይህን ሁሉ የቻለው አንድ ቀን መሪ እጨብጣለሁ ብሎ ነው። ሾፌሩ ጋሽ ወልደሰማያት ግን ምክንያት አያልቅባቸውም። በክረምት «መንገዱ ጭቃ ነው» ይላሉ። በበጋ ደግሞ «ቡና ደርሷል፣ ጭነቱ ከባድ ነው»። መኪናው ባዶ የሆነ ቀን ሸኩር ደስ ብሎት ሲጠጋ፣ «ባዶ መኪና ይዘላል፣ ለጀማሪ አይሆንም!»

በሰባ ሁለት ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ ከሸቤ ጀንፈል ቡና ጭነው ወደ ጅማ ሲመለሱ መኪናው አንድ ዳገት ላይ ተያዘ። ሸኩር ታኮውን ሲያስገባ ጎማው እጁን ለጥቂት ሳተው። እሱ ጭቃው ላይ በጀርባው እንደወደቀ ጋሽ ወልደሰማያት በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው፣ «ምን ትተኛለህ?» አሉት። ጅማ ገብተው ጭነቱን ካራገፉ በኋላ ሸኩር ልብሱን እያራገፈ፣ «ዛሬ እንኳ እኔ ላቁመው» ቢል፣ «ነገ» ብለው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ።

ሸኩር ትቷቸው ወደ ጅማው መርካቶ ወረደ። እዚያ አንድ ላንድሮቨር በድምፅ ማጉያ እየለፈፈ ይዞር ነበር፦ አብዮታዊት እናት ሀገር ልጆቿን ትጠራለች፣ የፈቀደ ሾፌርነት፣ የፈቀደ መካኒክነት ይማራል። ሸኩር የሰማው ሾፌርነት የሚለውን ብቻ ነው።

እናቱ ሐጂራ ሄርማታ ገበያ ቅመም ትቸረችራለች። ነገሩን ሲነግራት የያዘችውን ኮረሪማ መልሳ ጆንያው ውስጥ ጣለችው።

«አላህ ይድረስልኝ! ሰው መኪና ለመንዳት ብሎ ጦርነት ይሄዳል?»

«ልጠይቅ ብቻ ነው የምሄደው፣ እማዬ።»

«አንተ መሪ ብለህ ትገባለህ፣ እነሱ ጠመንጃ ብለው ይቀበሉሃል። ወላሂ፣ ሰው ምክር አይሰማም!»

ሸኩር ግን በማግስቱ ቀበሌ አዳራሽ ሄደ። መልማዩ ሃምሳ አለቃ ጎሳዬ የሚባሉ፣ ጠጉራቸው ሽበት የጀመረው፣ ለፍፈው ለፍፈው ድምፃቸው የሻከረ ሰው ነበሩ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ሾፌርነት ታስተምራላችሁ የተባለው እውነት ነው?»

«ሾፌርነት ብቻ? ታንክ ትነዳለህ እንጂ!»

«ታንክ አልፈልግም። የጭነት መኪና ነው የምለው።»

«እሱም አለ። እዚህ ጋ ፈርም።»

«ቆይ እንጂ። ሾፌርነቱ ባይደርሰኝስ? ወደ ቤቴ መመለስ እችላለሁ?»

ሃምሳ አለቃ ጎሳዬ ተነፈሱ። «ጓድ፣ የእናት ሀገር ጥሪ የሸማ ገበያ አይደለም፤ ገልጠህ አይተህ አልወደድኩትም ብለህ አትተወውም።»

«እሺ፣ ለስንት ዓመት ነው?»

«እስከ ድል።»

«ድሉ መቼ ነው?»

ሃምሳ አለቃው በሩን አየት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይህችን ጥያቄ ሌላ ቦታ እንዳትደግማት» አሉት። ከዚያ ጮክ ብለው፣ «አስበህ ና!» አሉና ቀጣዩን ሰው ጠሩ።

ሸኩር ጥርሱን እየነከሰ ወጣ። ጋሽ ወልደሰማያትን መሪ ቢጠይቅ ነገ ይሉታል፤ መንግሥትን ቢጠይቅ እስከ ድል ይለዋል። አዎ ወይም አይደለም የሚል ሰው በዚህ አገር የለም ወይ?

ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሶ ሄደ። ሃምሳ አለቃው እንዳዩት ከወንበራቸው ተነሡ። «ቁመትህን ሳየው አንተ የተፈጠርከው ለአየር ወለድ ነው!»

«አየር ወለድ ማን ጠየቀ? እኔ መሬት ላይ የሚሄድ መኪና ነው የምፈልገው!»

«መጀመሪያ ፈርም፣ ምደባው እዚያ ይታያል።»

«ባለፈው ታንክ፣ ዛሬ አየር፣ ነገ ደግሞ መርከብ ሊሉኝ ነው?»

«ባሕር ኃይልም እኮ…» ብለው ጀመሩና የሸኩርን ፊት አይተው ተዉት።

ሸኩር ሊወጣ ዞሮ በሩ ጋ ቆመ። በጣም ስለተናደደ መጠየቁን ሳያስበው ከአፉ ወጣ።

«ሃምሳ አለቃ፣ እርስዎ ራስዎ መኪና ይነዳሉ?»

ሰውየው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ማስተካከል ያዙ።

«ስንት ዓመት አገለገሉ?»

«ከሃያ ዓመት በላይ» አሉ ኮስተር ብለው። «በንጉሡ ጊዜ ነው የገባሁት።»

«ታዲያ አልነዱም?»

«ተራው ይደርሰኛል ብዬ ጠብቄ ነበር» አሉ ሃምሳ አለቃ ጎሳዬ። ወዲያው የተናገሩት ቆጫቸውና ፊታቸው ቀላ። «ለምን ታደርቀኛለህ? ትፈርማለህ፣ አትፈርምም?»

«አልፈርምም።»

«እንግዲያስ ውጣልኝ! ስንት ሥራ አለብኝ! እንዳንተ ዓይነቱ ጠያቂ አንድ መቶ ቢያጋጥመኝ ጦሩ እዚሁ ጅማ ጥያቄ ሲመልስ ያረጃል!»

ሸኩር ወጣ። መንገድ ላይ ፍርሃት ያዘው፤ በዚያ ዘመን አልፈርምም ብሎ የወጣ ሰው ስሙ የት እንደሚደርስ አይታወቅም። ሃምሳ አለቃው ግን ለማንም ሳይናገሩ ቀሩ መሰለኝ፣ የጠራው አልነበረም። ከሰፈሩ ልጆች ዳባ የሚባለው በዚያው ሳምንት መካኒክ ትሆናለህ ተብሎ ፈረመ። ከሰሜን አንድ ጊዜ ሰላምታ ላከ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። ሸኩር የዳባን እናት ገበያ ላይ ባየ ቁጥር መንገድ ይቀይር ነበር።

ጋሽ ወልደሰማያትን ያገኛቸው አልፈርምም ብሎ በወጣ በማግስቱ፣ መኪናውን ሲያሞቁ ነው። ደህና አደሩ እንኳ አላላቸውም።

«ትናንት ቀበሌ አዳራሽ ሄጄ ነበር። ሾፌር እናደርግሃለን ብለውኛል።»

«ማን? ወታደሮቹ?» ጋሽ ወልደሰማያት ሞተሩን አጠፉ። «አብደሃል? ይዋሹሃል እኮ!»

«እርስዎስ?»

ሽማግሌው ቁልፉን በእጃቸው አገላበጡ። በቡና ወቅት ዳገቱን ሁሉ በእግሩ የሚያውቅ ረዳት ከየት ያመጣሉ? ግን ጭንቀታቸው የሥራ ብቻ አልነበረም፤ «አንተ ልጅ፣ እዚያ እኮ ይሞታል» አሉት በቀስታ።

«እዚህም በታኮ ልሞት ነበር።»

የዚያኑ ዕለት ሲመለሱ፣ ከሸቤ እንደወጡ ሜዳው ላይ ጋሽ ወልደሰማያት መኪናውን አቆሙ። ምንም ሳይናገሩ ወርደው በሌላው በር ዞረው ገቡ። ሸኩር ወደ ሾፌሩ ወንበር ተሻግሮ መሪውን ጨበጠ። የረገጠውን ፍሪሲዮን ድንገት ለቀቀውና መኪናው ዘሎ ሞተሩ ጠፋ።

«አላልኩህም!» ብለው ጮኹ ጋሽ ወልደሰማያት። «ቀስ! ቀስ! ማርሹን አታሰቃየው!»

እንደገና አስነሣ። በሦስተኛው መኪናው እያጉረመረመ ተነሣ። ሽማግሌው እስከ ዳገቱ ድረስ አንዴ በግራ ሂድ፣ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ ላሟን አየሃት ወይ እያሉ አፋቸው አላረፈም። ሸኩርንም ከመንገዱ ይልቅ የሳቸው ጩኸት አደከመው፤ ግን ቢሉት ቢሉት መሪውን አልለቀቀም።

መንጃ ፈቃዱን ያወጣው በዓመቱ ነው። ጋሽ ወልደሰማያት ከዚያም በኋላ እሱ በነዳ ቁጥር ጎኑ ተቀምጠው መጮኻቸውን አላቆሙም። ሐጂራ አንድ ቀን ልጇ መኪናውን ይዞ ሄርማታ ገበያ በር ላይ ሲቆም አይታ፣ «አልሐምዱሊላህ» አለችና ወዲያው፣ «ግን ምነው እንዲህ ታፈጥነዋለህ?» ብላ ተቆጣች።