እናቷ አንገት ላይ ቡና አልበቀለም

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ክንዱ ላይ የቡና ቅጠል የተነቀሰ ሰው ካያችሁ ቡና ወዳድ ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ። አብዛኛው የአለቃዬ ስህተት ነው። እኔ አውቃለሁ፤ አጠገቡ ቆሜ ደሙን የምጠርገው እኔ ነበርኩ።

አለቃዬ ከመናኸሪያው ጀርባ ትንሽ ታቱ ቤት አለው። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ ነው የምለው። ሥራ ልማር ብዬ የገባሁ ቀን ማሽኑን አስጨበጠኝና አንድ ሙዝ ፊቴ አስቀምጦ "ቀጥ ያለ መስመር አውጪ" አለኝ። በቃ፣ ትምህርቱ ይኸው ነው። እንዴት ነው ቀጥ የሚለው ብዬ ብጠይቀው "እጅሽ ይነግርሻል" አለኝ። እጄ ምን ያውቃል? ቢያውቅ ኖሮ እሱ ዘንድ ምን አመጣኝ?

ደግነቱ ሙዝ እዚህ አገር ችግር አይደለም። ገበያ ወርጄ ጠንከር ያለውን፣ ገና በደንብ ያልበሰለውን እየመረጥኩ አመጣ ነበር። የሙዝ ልጣጭ እንደ ሰው ክንድ ክብ ነው። መርፌው ከጠለቀ ይቀደዳል፣ ከላላ ደግሞ ቀለም አይዝም። ቀስ እያልኩ ራሴው ደረስኩበት። መስመሩን በጣቴ ከጎተትኩት ይንቀጠቀጣል፤ ክንዴን ከትከሻዬ ሳንቀሳቅሰው ግን ይሄዳል። ትንፋሽ እያወጡ መጀመር ነው፣ ከጀመሩ በኋላ መሃል ላይ ቆሞ ማሰብ የለም። ግራ እጅ ደግሞ ቆዳውን ወጥሮ መያዝ አለበት። ይህን ሁሉ ያስተማረኝ ሙዝ ነው፤ ምስጋናውም ለሙዝ ነው።

የሚያንገበግበኝ ምኑ መሰላችሁ? ቀኑን ሙሉ የለፋሁበትን ሙዝ "ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ" ብዬ እሰጠዋለሁ። ይቀበለኝና ይልጠዋል። ሙዙን በልቶ ልጣጩን ባልዲ ውስጥ ይወረውራል። አንድ ቀን እንኳ መስመሬን ገልብጦ አላየውም። "ቀለም እኮ ነው" ስለው "ውስጡ ንጹህ ነው" ይለኛል። ውስጡ ንጹህ የሆነው እኮ እጄ ልኩን ስላወቀ ነው። ይህን የምነግረው ግን ሰው አልነበረም።

የሱን እጅ በፊት ጥሩ ነበር ይሉታል። እኔ የደረስኩበት ጋሼ ግን ስልኩን ጆሮውና ትከሻው መሃል ሰክቶ እያወራ ነው የሚሠራው። መስመሩ ይወላገዳል። ሲወላገድ ይደግምበታል፣ ሲደግምበት ይወፍራል፣ ሲወፍር ቀለሙ ከቆዳው ሥር ይፈስሳል። ያኔ "ቅጠል እናውርድበት" ይላል። የቡና ቅጠል ሰፊ ነው፣ ጉድ ይሸፍናል። ደንበኛውም አገሩ የቡና አገር ነውና ደስ ብሎት ይወጣል። የልጁን ስም ሊያስነቅስ መጥቶ ቅርንጫፍ ተሸክሞ የሄደ ሰው አለ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይሄ ነው። እኔም ተማሪ ነኝ፣ ከራሴ ባት በቀር የሰው ቆዳ ነክቼ አላውቅም፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ደሙን መጥረጌን ቀጠልኩ።

ዝናቡ አላባራ ባለ ሰሞን አንዲት ሴት ከቴፒ መጣች። ስልኳን በፌስታል ጠቅልላ ነበር የያዘችው። ፈታችና የሞተች እናቷን ፎቶ አሳየችን። እናቷ በልጅነቷ ከወሎ የመጣች ነበረች፤ አንገቷ ዙሪያ በእሾህና በጥላሸት የተነቀሰ ሦስት መስመር አለ። "እነዚህን ሦስቱን ክንዴ ላይ አድርጉልኝ" አለች። "ስታቅፈኝ ፊቴ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነበር። ሌላ ምንም እንዳትጨምሩበት።"

ንድፉን ከፎቶው አንስቼ ክንዷ ላይ ያተምኩት እኔ ነኝ። ጋሼ የመጀመሪያውን መስመር ግማሽ እንዳደረሰ ስልኩ ጠራ። አነሳው። እየሳቀ እስከ ጫፉ ቀጠለ፤ መስመሩም ከንድፉ ወጥቶ እንደ ሚኒባስ ጎማ ጭቃ ላይ ተንሸራተተ። አየው። ከዚያ እንደ ልማዱ "ቅጠል እናውርድበት፣ ያምርብሻል" አላት።

"የምን ቅጠል?"

"የቡና ነዋ። አገርሽ አይደል?"

ደሜ ፈላ። "ጋሼ፣ እናቷ አንገት ላይ ቡና አልበቀለም" አልኩት።

"አንቺ የሙዝ ሐኪም፣ አፍሽን ዝጊ" አለኝ።

ሴትዮዋ ግን ወደ እኔ ዞረች። "አንቺ ቀጥ አድርገሽ መሥራት ትችያለሽ?" ሱሪዬን ሰብስቤ ባቴ ላይ ራሴ የነቀስኩትን መስመር አሳየኋት። መስመሩን በጣቷ ከላይ እስከ ታች ተከተለችው። "የቀሩትን እሷ ትሥራልኝ" አለች። ጋሼ ደንበኛ እንዳያመልጠው ከወንበሩ ተነሳ፤ "ካበላሸሽ እዚህ ቤት እንዳላይሽ" ብሎኝ በሩ ላይ ቆመ።

ጓንት አጠለቅኩ፣ መርፌውን ቀየርኩ፣ ክንዷን አደረቅኩና ወጠርኩት። ሙዝ አያለቅስም፤ የሷ ዓይን ግን እንባ ሞልቷል። ፈራሁ፣ አልዋሽም። ትንፋሼን እያወጣሁ ጀመርኩ። ሁለተኛው መስመር ሄደ። ሦስተኛውም ሄደ። ስጠርገው ሁለቱም ፎቶው ላይ እንዳሉት ነበሩ። ጋሼ የላይኛውን ላስተካክል ሲል "አይንኩት፣ እሱም የእናቴ ነው" አለችው።

ከመሄዷ በፊት ጋሼ ክንዷን ፎቶ አነሳው። ትንሽ ቆይቶ ትልቅ አድርጎ አሳትሞ በሩ ላይ ሰቀለው። ወጥቼ ሳየው ሁለት መስመር ብቻ ነው ያለው። የሱን ስህተት ቆርጦ ጥሎታል፣ ከሥሩ ደግሞ የራሱን ስም አጽፏል። ዓይን ያወጣ ሌባ ነው። ፊት ለፊት ነገርኩት። "ስህተት ይሰቀላል እንዴ?" ብሎኝ ሻዩን ጠጣ።

ሴትዮዋ ቁስሉ ሲድን ልታሳየኝ ተመልሳ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ፎቶውን ትኩር ብላ አየችው።

"የላይኛው የታለ?"

"እሱ ለማስታወቂያ አይሆንም" አላት ጋሼ።

"የእናቴን አንገት ነው እኮ የቆረጡት" አለችው። ድምፅዋን አላነሳችም። ፎቶውን ከሚስማሩ ነቅላ፣ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና እኔን ስማኝ ወጣች።

ጋሼ ፊቱ ጠቆረ። "ይሄ ሁሉ ያንቺ ምላስ ያመጣው ነው" አለኝ። ይህን ሲል አንድ ወጣት ጃንጥላውን እያራገፈ ገባ። በሩ ላይ ተሰቅሎ ያየውን መስመር ፈልጎ ነው የመጣው፤ አሁን ሚስማሩ ብቻ ቀርቷል።

"ወንበሬን ጥረጊ" አለኝ ጋሼ፣ ጓንቱን እየፈለገ።

ጠረግኩት። ከዚያ ተቀመጥኩበት።