ድምፄን ያዋስኳት ሴት

ኮምቦልቻ ወጣት ማዕከል አዳራሽ ውስጥ ልጄ ከኮምፒዩተሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ተማሪዎችና ጥቂት የቢሮ ሠራተኞች ፊት ለፊቷ ተቀምጠዋል፤ ወንበር ያልደረሳቸው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ከደሴ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር አብራኝ የወረደችው ጎረቤቴ ከጎኔ በመስኮቱ በኩል ነበረች። ፊልሙ የተሠራበት ቤት አባወራ ግን አልገባም፤ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ሚስቱ ከኋላው ነበረች፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ። እኔ ፊልሙን ለማየት መጣሁ ብያለሁ። የመጣሁት ግን አንዲት ጥያቄ ላይ ከሁለት መልሶቼ የትኛው ፊልሙ ውስጥ እንደገባ ለማወቅ ነበር።

ልጄ አንድ ናት። አባቷ ከሞተ ወዲህ ሁለታችን ነን። አዲስ አበባ ፊልም ሥራ ተምራ እዚያው ስለቀረች የማያት ለበዓል ስትመጣ ብቻ ነበር። የባቡሩ ሥራ ኮምቦልቻን ባተራመሰበት ጊዜ ግን ካሜራዋን ይዛ መጣችና ወራት እቆያለሁ አለችኝ። ደስ አለኝ፤ አልነገርኳትም። በማግስቱ ጠዋት በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳ ኮምቦልቻ ስትሄድ፣ የመጣችው ለማን እንደሆነ ገባኝ።

እዚያ አንድ ቤተሰብ ነበር። አባትየው የፋብሪካ መካኒክ ሆኖ ሲሠራ ኖሮ፣ ደመወዝ የዓለም ነው ብሎ ተወው። የመብራቱን ገመድ በገዛ እጁ ቆረጠ፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አስወጣ፣ ሐኪም ዘንድ መሄድ እግዚአብሔርን አለማመን ነው አለ። እኔም ክርስቲያን ነኝ፣ ጾሙንም በዓሉንም እጠብቃለሁ። እነሱ ግን ከክርስቲያኑም እጅ አይበሉም ነበር። የነፍስ አባታቸው እንኳ ደጃቸውን አንኳኩተው ተመልሰዋል። አባትየው ለልጄ ደጁን የከፈተላት፣ ፊልሙን ያየ ሁሉ ንስሐ ይገባል ብሎ ስላመነ ነው።

ጎረቤቴ አጥር የምንጋራ ሙስሊም ናት። አንድ ቀን እኛ ቤት ተቀምጣ ልጄን ስለ ፊልሙ ጠየቀቻት።

«እንደ ሌላው ፊልም ዝም ብሎ የሚታይ አይደለም» አለች ልጄ። «ተመልካቹ ራሱ ነው የሚመርጠው። ስክሪኑ ላይ በሩን በጣቱ ሲነካ ይገባል። ሰው ሲነካ ደግሞ ጥያቄዎች ይወጡለታል፤ የፈለገውን መርጦ መልሱን ይሰማል።»

«ሳያንኳኳ ነው የሚገባው?»

«ሳያንኳኳ።»

«አስተግፊሩላህ። ሳያንኳኩ ሰው ቤት መግባት ያስተማርሻት አንቺ ነሽ?» አለችኝ ወደኔ ዞራ። ቀጥላም ለልጄ፦ «የኔንም ቤት አንሺልኛ። ባሌን ሲነኩት ከመደቡ ሲነሣ አሳዪኝ። እኔማ ስንት ዓመት ነካሁት፣ ወላሂ አልተነሣም።»

ልጄ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

መጀመሪያ ሰሞን ድፎ ዳቦ ቆርሼ አስያዝኳት። ለዚያ ቤት ልጆች ብዬ ነበር፤ ሳይነካ ተመለሰ። ቆይቶ እሷም እራት ሳቀርብላት «በልቻለሁ፣ እማ» ማለት ጀመረች።

«የት?»

«እዚያ። ከጾም ሲወጡ አብሬያቸው ቀመስኩ።»

የሚበሉት ዘይት የሌለው ሽሮ ነው። እኔ ለሷ ብዬ ዶሮ ሠርቼ ነበር። ሳህኑን ከደንኩት።

ማታ ማታ ስለ አባወራው ሚስት ታወራኛለች። ጥጥ ስትፈትል እንዝርቱን በጭኗ ላይ እንዴት እንደምታሾረው፣ ጣቶቿ እንዴት ቀጫጭን እንደሆኑ። ፊቷን እንዳትቀርጽ ባልየው ስለከለከለ ያነሳችው እጆቿን ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ ይህን ስትነግረኝ ከፊቷ ተቀምጬ ጎመን እቀነጥሳለሁ።

ሥራው ሊያልቅ ሲል ባልየው ሌላ ነገር አመጣ። የሚስቴን ድምፅ የማያውቃት ሰው አይሰማውም አለ። ቃሏ ይቆይ፣ ድምፅዋ ግን ከፊልሙ ይውጣ።

«ሌላ ሴት ቃሏን ትድገመው ብዬው እሺ ብሏል» አለችኝ ልጄ። «በዕድሜ ትቀራረባላችሁ። አነጋገሯም እንዳንቺው ነው።»

«ይህን የሚሠሩ ሰዎች የሉም?»

«የአዲስ አበባ ሰው ድምፅ አይሆነኝም። እማ፣ እባክሽ።»

መኝታ ቤቴ መስኮት ላይ የመንገዱን ድምፅ እንዲከለክል ብርድ ልብስ ሰቀልን። ሴትየዋ የተናገረችውን በጆሮ ማዳመጫ እሰማለሁ፣ ልጄ ታቆመዋለች፣ እኔ እደግመዋለሁ። ጆሮዬ የሚደርሰው ግን የሴትየዋ ቃል ብቻ አልነበረም። ጠያቂዋንም እሰማ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቅጂ ላይ ልጄ «እርስዎ» ትላታለች። እየቆየ «አንቺ» ሆነ። ከዚያ «እምዬ» አለቻት። እኔን እምዬ ስትለኝ የወተት ጥርሷ ገና አልወለቀም ነበር።

ስትወልጂ አጠገብሽ ማን ነበር ትላታለች። በልጅነትሽ ምን ትፈሪ ነበር? ጉልበትሽን የሚያምሽ ከመቼ ጀምሮ ነው? ሴትየዋ አንድ ነገር ስትመልስ ልጄ ስትስቅ ሰማሁ። ያን ሳቅ ቤቴ ውስጥ ከሰማሁት ቆይቷል። ጉልበት እኔንም ያመኛል። ቀናሁ፤ ሌላ ስም የለውም።

የሴትየዋ የመጀመሪያ ልጅ ገዳም ገብታ ቀርታለች። ልጄ ስለሷ ጠየቀቻት፦ «ልጅሽ የሄደች ጊዜ ምን አደረግሽ፣ እምዬ?»

ሴትየዋ «ለሰጠኝ መለስኩለት። አላለቀስኩም» አለች።

ልጄ ቅጂውን አቁማ ወደኔ አየች። እኔ እንዲህ አልኩ፦ «መጋረጃዋን እያጠብኩ መልሼ እሰቅለው ነበር። ክፍሏ ውስጥ ማንንም አላሳደርኩም።»

«እሷ ያለችው እሱን አይደለም፣ እማ።»

«አውቃለሁ።»

«እንደገና እንበለው?»

እንደገና ተባለ፤ በዚህ ጊዜ የሴትየዋን ቃል ደገምኩ። ልጄ ስለ መጋረጃው አልጠየቀችኝም። ሁለቱም መልሶች ተቀድተው ቀሩ። ፊልሙ ስለነሱ ነው፣ ቃሉም የሴትየዋ ነው፤ የኔን ብታስገባ ሥራዋን ማበላሸት ነበር። ይህን አላጣሁትም። ቢሆንም ካሜራዋን ይዛ አዲስ አበባ ከተመለሰች በኋላ ብርድ ልብሱን አውርጄ ሳጥፍ የማስበው እሱኑ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ተማሪዎቹ እየተነሡ ስክሪኑን ይነካሉ፤ ምስሉ ግድግዳው ላይ በተወጠረው ነጭ ጨርቅ ይታያል። አንዱ በሩን ከፈተ። ሌላው የተቆረጠውን ገመድ ነካ፤ አባትየው ለምን እንደቆረጠው ሲናገር ሰማን። አንዲት ልጅ ጥጥ የሚፈትሉትን እጆች ነካችና ስለ ጉልበት ሕመሙ የሚጠይቀውን መረጠች። ድምፄ አዳራሹን ሞላው፦ «ያመኛል። ሐኪም ግን ነክቶኝ አያውቅም።»

ጎረቤቴ ጎኔን ነካ አደረገችኝ። «አንቺ፣ ይሄ ድምፅ ያንቺ አይደለም እንዴ?»

«ዝም በይ።»

«ባለፈው ሳምንት መርፌ ስትወጊ ክንድሽን የያዝኩት እኔ አይደለሁ?»

አጠገባችን የቆሙት ልጆች ሳቁ። ልጄ «ሌላ መሞከር የሚፈልግ አለ?» አለች። ተነሣሁ። ወንበሮቹን አልፌ ስደርስ ገርሟት መንገድ ለቀቀችልኝ። እጆቹን ነካሁ። ጥያቄዎቹ ወጡ፤ የፈለግኋት ከታች ነበረች። እሷን ነካሁ።

«ልጅሽ የሄደች ጊዜ ምን አደረግሽ፣ እምዬ?» አለ የልጄ ድምፅ።

«ለሰጠኝ መለስኩለት። አላለቀስኩም» አለ የኔ ድምፅ። እጆቹ መፍተላቸውን ቀጠሉ።

ወደ ልጄ ዞርኩ። የምታየው እኔን አልነበረም፤ በሩን ነበር። እዚያ ሴትየዋ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። ልጄ ኮምፒዩተሩን ትታ በሰዎቹ መካከል አልፋ ሄደችና ዝቅ ብላ ትከሻዋን ሳመቻት። ሴትየዋም በእነዚያ ቀጫጭን ጣቶቿ እጇን ያዘቻት።

ጃንጥላዬን ከወንበሬ ላይ አነሣሁ። አዳራሹ ሌላ በር የለውም። አባወራው ወደ ጎን አለልኝ፤ በአጠገባቸው አልፌ ወጣሁ።